ስሙን ቤቱ ያደረገ ገጣሚ፦ ሴን ጆን ፔርስ ማን ነበር?

እኛ ጋ የፈረንሳይ ገጣሚ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን ራምቦ ነው። ሐረር ኖሯል፣ ለምኒልክ ጠመንጃ ሸጧል፣ በስሙ የሚጎበኝ ቤትም አለ። ስለዚህ ትንሽ የእኛም ሰው ይመስለናል። ሌላም ፈረንሳዊ ገጣሚ ግን አለ፤ ስሙን ብዙዎቻችን ሰምተን አናውቅም። በ1935፣ በእኛ በ1928 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ስትወረን ይህ ሰው በፓሪስ የፈረንሳይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዋና ጸሐፊ ነበር። ሚኒስትሮች ሲመጡና ሲሄዱ እሱ አይነቃነቅም። ከ25 ዓመት በኋላ ደግሞ በስነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት ወሰደ።

በቢሮው አሌክሲ ሌዤ ይባላል። በግጥሙ ሴን ጆን ፔርስ ነው። ሁለቱን ስሞች ማገናኘት ቀላል አይደለም። ሰውየው ራሱም እንዳይገናኙ ብዙ ደክሟል። ሕይወቱን በወጉ ለመረዳት ከተወለደባት ደሴት መጀመር ይሻላል። ዓመቶቹን ከዚህ በኋላ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ደሴቷና ቤቱ

ጓዴሉፕ በካሪቢያን ባሕር ያለች ደሴት ናት። ካርታ ላይ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ ትመስላለች። ፈረንሳይ በ1635 ያዘቻት። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኳ የስኳር ታሪክ ነው። ሸንኮራ አገዳ ይተከላል፣ ከአፍሪካ በግድ የተጫኑ ሰዎች ያርሱታል፣ ያጭዱታል፣ ትርፉ ወደ ፈረንሳይ ወደቦች ይሄዳል። የፈረንሳይ አብዮት በ1794 ባርነትን ሰረዘ። ናፖሊዮን በ1802 መለሰው። ለመጨረሻ ጊዜ የቀረው በ1848 ነው። ነፃ የወጡት ሰዎች በድሮው ጌታ እርሻ መሥራት አልፈልግም ሲሉ ባለእርሻዎቹ ከ1854 ጀምሮ ከሕንድ የኮንትራት ሠራተኛ አስመጡ።

አሌክሲ ሌዤ በ1887 በፖየንት አ ፒትር ከተማ ተወለደ። ራምቦ ምኒልክ ዘንድ ጠመንጃውን ይዞ የደረሰበት ዓመት ነው። ባርነት ከቀረ ገና 39 ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ልጁ በየመንገዱ ከሚያያቸው ሽማግሌዎች ብዙዎቹ በባርነት የተወለዱ ናቸው። አባቱ የሕግ ባለሙያ ነበር። በእናቱ ወገን ቡናና ሸንኮራ የሚመረትባቸው ሰፋፊ እርሻዎች ነበሩ። ቤተሰቡ ነጭ ነው፤ ለትውልድ ትውልድ እዚያው ደሴት ላይ የኖረ ነጭ። የሚያበስሉት፣ የሚያጥቡት፣ ሕፃኑን የሚያዝሉት ጥቁሮችና ሕንዶች ነበሩ።

ይህ ኑሮ በ12 ዓመቱ አበቃ። አውሮፓ ከስኳር ቀይ ሥር ስኳር ማውጣት ከጀመረች ቆይታ ነበርና የሸንኮራው ዋጋ ወደቀ። በ1897 ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን መታት። በዚያ ላይ ፖለቲካው ተለወጠ። የጥቁሮችን ድምፅ ይዞ የተነሣው ሶሻሊስቱ ኤጄዚፕ ሌጂቲሙስ በ1898 የፓርላማ ወንበር አሸነፈ። የድሮዎቹ ባለእርሻዎች መሬቱ ከእግራቸው ሥር እየሸሸ መሆኑ ገባቸው። በ1899 የሌዤ ቤተሰብ ዕቃውን ጠቅልሎ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ወዳለችው ፖ ወደምትባል ከተማ ተሻገረ። አሌክሲ እስከ ዕለተ ሞቱ ደሴቷን መልሶ አልረገጣትም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰው የሚጻፈው ብዙ ጊዜ “ገነቱን ያጣ ልጅ” በሚል ስሜት ነው። ልጁ ያጣው ነገር እውነተኛ ነው፤ ሐዘኑም እውነተኛ ነው። ያ ገነት ግን የሌሎች ሰዎች ድካም ያቆመው ነበር። ቤተሰቡ የወጣውም እነዚያ ሰዎች ድምፅ መስጠት በጀመሩበት ሰሞን ነው። ግጥሞቹን ሳነብ ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ለመያዝ እሞክራለሁ።

የልጅነት ግጥሞች

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራው “የክሩሶ ሥዕሎች” ይባላል። 1904 የሚል ቀን ተጽፎበታል፤ ያኔ 17 ዓመቱ ነው። ታትሞ የወጣው በ1909 ነበር። ሮቢንሰን ክሩሶን አብዛኞቻችን እናውቀዋለን፦ መርከቡ ተሰብሮ ብቻውን ደሴት ላይ የቀረው ሰው። ወጣቱ ገጣሚ ታሪኩን ከመጨረሻው ያነሣዋል። ክሩሶ ወደ አገሩ ተመልሷል። አርጅቷል። ከተማው ይሸታል፣ ግድግዳው ይጋርደዋል። ከደሴቷ ያመጣት ዘር በማሰሮ አፈር ውስጥ አልበቅል ብላለች። የፍየል ቆዳ ጥላው አቧራ ጠጥቷል። ሰው ከዳነ በኋላ ነው የጠፋው።

አርብ የተባለው የክሩሶ አገልጋይም በግጥሙ አለ። ደሴቷ ላይ ሰውነቱ የሚያበራ፣ ሣቁ ንጹሕ የነበረ ሰው ነው። በከተማው ግን የአሽከር ልብስ ለብሶ ማድ ቤት ይውላል፤ ይጠጣል፣ ይሰርቃል፣ ሴቶችን ይነካካል። ለእኔ ይህ ከሁሉ የሚያመው ክፍል ነው። ገጣሚው ለክሩሶ ናፍቆት ገጽ በገጽ ይሰጣል። አርብ ምን እንደናፈቀው ግን አይጠይቅም። የወጣቱ ሌዤ ችሎታም ዕውር ጎኑም በዚያች አጭር ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል።

በ1911 “ውዳሴዎች” የሚል መጽሐፍ ወጣ። የልጅነቱን ደሴት ያወድሳል፦ የውሃውን ብርሃን፣ የዓሣውን ሽታ፣ የነፍሳቱን ድምፅ፣ የፈረሱን ላብ፣ የአገልጋዮቹን ረጃጅም ቁመት፣ የእናቱን ነጭ ቀሚስ። ሁሉም ነገር በስሙ ይጠራል። አንዱ መስመር በአማርኛ እንዲህ ሊመለስ ይችላል፦ “ከልጅነት በቀር፣ ያኔ የነበረ፣ ዛሬ የሌለ ምን ነበር?” ጥያቄው ያምራል። ከደሴቷ ወገን የሆነ አንባቢ ግን መልስ አለው፦ ያኔ የነበረ፣ ዛሬ የሌለ፣ ጌትነት ነበር።

ሆኖም መጽሐፉን በዚህ ብቻ መዝጋት ስህተት ነው። ከእሱ በፊት ስለ ቅኝ ግዛት ደሴቶች የጻፉ ፈረንሳዮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩን ከፖስት ካርድ የተቀዳ ዘንባባና የባሕር ዳርቻ ነው። ይህ ልጅ የዛፎቹን ትክክለኛ ስም ያውቃል። ቅጠሉ ሲበሰብስ ምን እንደሚሸት ያውቃል። ከብት ሲታረድ ደሙ ምን መልክ እንዳለው አይቷል። አሞራውን፣ ሸረሪቱን፣ የገበያውን ግማት ሳይፈራ ያስገባቸዋል። የካሪቢያን ተፈጥሮ በፈረንሳይኛ ግጥም እንዲህ ሙሉ ሆኖ የታየው በእሱ ነው ብል አላጋነንኩም።

ለምን ይከብዳል?

ሴን ጆን ፔርስ አስቸጋሪ ገጣሚ ነው የሚል ስም አለው። ፕሩስት በትልቁ ልብ ወለዱ ውስጥ ከእመቤቷ ጋር ሆቴል ያረፈች አንዲት ገረድ የሌዤን ግጥም ይዛ፣ እነዚህ ግጥም ሳይሆኑ እንቆቅልሽ አይደሉም ወይ ስትል ያሳየናል። ፍርዷ ትክክል ይሁን አይሁን፣ ብዙ አንባቢ የሚሰማውን ነው የተናገረችው።

ክብደቱ ከየት እንደሚመጣ ካወቁት ግን ይቀላል። መጀመሪያ፣ ቤት አይመታም። ስንኞቹ ረጃጅም ናቸው፤ አንዳንዴ አንቀጽ ያህላሉ። ለአማርኛ አንባቢ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ ዳዊት የደገመ ሰው ቤት ሳይመታ በትንፋሽ ብቻ የሚሄድ ቃል ምን እንደሚመስል ያውቃል። ፔርስን ድምፅ አውጥቶ የሚያነበው ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ሁለተኛው ምክንያት፣ ማን እንደሚናገር፣ የትና መቼ እንደሆነ አይነግረንም። የአገር ስም የለም፣ ዘመን የለም። ንጉሥ ይሁን መንገደኛ፣ ታሪክ ይሁን ሕልም፣ ቶሎ አይለይም። ሦስተኛው መዝገበ ቃላቱ ነው። የመርከበኛ፣ የዕፅዋት ሊቅ፣ የድንጋይ ተመራማሪ፣ የሕግ ሰው፣ የፈረስ አሠልጣኝ ቃል ሁሉ ይገባል። ፈረንሳዮቹም መዝገበ ቃላት ይዘው ነው የሚያነቡት።

የሚወደው መንገድ ደግሞ ዝርዝር ነው። ሰዎችን በሥራቸው እየጠራ ያሰልፋቸዋል፦ እኩለ ሌሊት በድንጋይ ሰገነት ላይ እየተመላለሰ የጅራታም ኮከብን ማዕረግ የሚመዝን፣ በሁለት ጦርነቶች መሃል የትልልቅ መነጽሮችን ጥራት የሚጠብቅ... እንዲህ እያለ ይቀጥላል። መጀመሪያ ሲያነቡት ዝርዝሩ ያደክማል። ቆይቶ ግን ሰው የሚሠራው ማንኛውም ነገር መከበር አለበት የሚል እምነት ከሥሩ እንዳለ ይገባል። በዚህ ጊዜ ግጥሙ ይከፈታል።

ቻይና፣ ፈረስና አዲስ ስም

አባቱ በ1907 በድንገት ሞተ። እናቱንና እህቶቹን የማኖር ኃላፊነት በ20 ዓመቱ ልጅ ላይ ወደቀ። ቦርዶ ሕግ ተማረ። ገጣሚው ፖል ክሎዴል ዲፕሎማት ነበርና ወደዚያ ሙያ እንዲገባ መከረው። በ1914 የውጭ ጉዳይን ፈተና አለፈ። በ1916 በፔኪንግ፣ በዛሬዋ ቤጂንግ፣ የፈረንሳይ ሌጋሲዮን (የዲፕሎማሲ ቢሮ) ጸሐፊ ሆኖ ተላከ። አምስት ዓመት ቆየ። በ1920 ከወዳጆቹ ጋር ወደ ሞንጎሊያ፣ ወደ ጎቢ በረሃ ተጓዘ።

ከፔኪንግ ወጣ ብሎ በሚገኝ፣ አገልግሎት ባቆመ የታኦ ቤተ መቅደስ ተቀምጦ “አናባዝ” የተባለውን ረጅም ግጥም ጻፈ። ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። አንድ የዘላን መሪ ሕዝቡን ይዞ ይመጣል። ሕግ ያወጣል፣ ከተማ ይመሠርታል። ከተማው ሲረጋጋ እሱ ይታመማል፤ መቀመጥ አይሆንለትም። እንደገና ፈረሱን ጭኖ ወደ ምዕራብ በረሃ ይሄዳል። ስፍራው እስያ ይመስላል። የሚያሳድደው ስሜት ግን ከካሪቢያን አብሮት የመጣ ነው፦ የትም ቢሆን ቤት ሠርቶ ለመቅረት አለመቻል።

ግጥሙ በ1924 ሲታተም ሽፋኑ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴን ጆን ፔርስ የሚለው ስም ወጣ። ምክንያቱ በከፊል ሙያው ነው፤ ዲፕሎማት ግጥም ይጽፋል መባል አይፈልግም። በ1930 ቲ. ኤስ. ኤልየት ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ወደ ሩሲያኛ፣ ወደ ጣሊያንኛና ወደ ጀርመንኛም ተተረጎመ። ገጣሚው በውጭ አገር ስሙ እየገነነ ሳለ ፓሪስ ውስጥ ግን ዝም አለ። በሥልጣን ላይ በቆየባቸው ዓመታት አንድም አዲስ መጽሐፍ አላሳተመም።

በቢሮ ያለው ሰው

ሥልጣኑ ደግሞ ትንሽ አልነበረም። ከ1925 ጀምሮ የአሪስቲድ ብሪያን የቅርብ ሰው ሆነ። ብሪያን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረንሳይንና ጀርመንን ለማስታረቅ የጣረ ሚኒስትር ነው። በ1930 የአውሮፓ አገሮች አንድ ዓይነት ኅብረት ይመሥርቱ የሚል የፈረንሳይ ሐሳብ ለመንግሥታት ሲቀርብ ረቂቁን የጻፈው ሌዤ ነው። ዛሬ የአውሮፓ ኅብረት ሲባል የሚነሡት ሌሎች ስሞች ናቸው፤ የእሱ ተረስቷል። በ1933 የሚኒስቴሩ ዋና ጸሐፊ ሆነ። እስከ 1940 በዚያው ቆየ።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ እንምጣ። በጥር 1935 የፈረንሳዩ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ሮም ሄዶ ከሙሶሊኒ ጋር ተፈራረመ። ፈረንሳይ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ባቡር አክሲዮን ከፊሉን ለጣሊያን ለቀቀች። በኢትዮጵያ ያላትን የኢኮኖሚ ጥቅም ትተውላት ዘንድም ተስማማች። ሙሶሊኒ ይህን እንደ ይለፍ ወሰደው። በጥቅምት መጀመሪያ ጦሩ መረብን ተሻገረ። በታኅሣሥ ላቫልና የእንግሊዙ ሳሙኤል ሆር ፓሪስ ላይ ተቀምጠው ኢትዮጵያን የሚቆራርስ ዕቅድ አወጡ። ከትግራይና ከኦጋዴን ሰፊ መሬት ለጣሊያን ይሰጣል። ደቡቡ የጣሊያን የኢኮኖሚ ክልል ይሆናል። ለኢትዮጵያ ማካካሻው በአሰብ በኩል የባሕር መውጫ ነው። ዕቅዱ በቀናት ውስጥ ፈረንሳይ ጋዜጦች ላይ አፈትልኮ ወጣ። ጩኸት ሆነ። ሆር በዚያው ወር ሥልጣኑን ለቀቀ፤ የላቫል መንግሥትም በጥር 1936 ወደቀ።

ውሳኔው የላቫል ነው። ይህን መናገር ተገቢ ነው። ሌዤ በብሪያን ትምህርት ያደገ፣ በመንግሥታት ማኅበርና ከእንግሊዝ ጋር በመተባበር የሚያምን ሰው ነበር። ነገር ግን የሚኒስቴሩ ከፍተኛ ቋሚ ባለሥልጣን እሱ ነበር፤ ተቃውሞ ወንበሩንም አልለቀቀም። በጀርመን ላይ ጣሊያንን ወዳጅ የማድረግ ተስፋ ሚኒስቴሩን ሁሉ ይዞት ነበር። የዚያ ተስፋ ሒሳብ የተወራረደው በእኛ መሬት ነው።

በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሰሞን፣ ሌሎች የካሪቢያን ልጆችም ነበሩ። ከማርቲኒክ ደሴት የመጣችው ጥቁር ጸሐፊ ፖሌት ናርዳል ለኢትዮጵያ መከላከል ከቆሙት ሰዎች አንዷ ነበረች። ፓሪስ ውስጥ የሚማሩ የአፍሪካና የካሪቢያን ወጣቶች በወረራው ተቆጥተው ነበር። ትሪኒዳድና ጃማይካ ላይ ሰው አደባባይ ወጣ። አንድ ባሕር ያሳደጋቸው ሰዎች ናቸው። አንደኛው ሚኒስቴሩ ውስጥ ፋይል ያገላብጣል፤ ሌላዋ ለአገራችን ትጮኻለች። ይህን ልዩነት ያመጣው ማን በየትኛው በረንዳ ላይ እንዳደገ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ሙኒክ መጣ። በመስከረም 1938 ሌዤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዳላዲዬን ተከትሎ ሂትለር ፊት ተቀመጠ። ቼኮዝሎቫኪያ ተቆረሰች። በግንቦት 1940 የጀርመን ታንኮች ፈረንሳይን ሰንጥቀው ሲገቡ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ፖል ሬይኖ ሌዤን ከሥልጣኑ አነሣው። ዋሽንግተን አምባሳደር ሁን ቢባል እምቢ አለ። በሰኔ መርከብ ይዞ ወደ እንግሊዝ፣ ከዚያ ወደ አሜሪካ ሄደ። ከጀርመን ጋር የተባበረው የቪሺ መንግሥት ዜግነቱን ገፈፈው፤ ንብረቱን ወረሰ። የፓሪስ ቤቱም ተዘረፈ።

ስደት

በ53 ዓመቱ ሥራ የለውም፣ አገር የለውም፣ ገንዘብም የለውም። ገጣሚው አርቺባልድ ማክሊሽ ያን ጊዜ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር። በ1941 በቤተ መጻሕፍቱ የፈረንሳይ ስነ ጽሑፍ አማካሪነት ቦታ አገኘለት። በዚያ በጋ በኒው ጀርሲ ባሕር ዳርቻ፣ አሸዋ ላይ በተሠራ የወዳጅ ቤት ተቀምጦ “ስደት” የተባለውን ግጥም ጻፈ። በ1942 ቺካጎ በሚታተም የግጥም መጽሔት ወጣ፤ በፈረንሳይኛው።

ለእኔ የሴን ጆን ፔርስ ትልቁ ሥራ ይህ ነው። ግጥሙ ወደ አሸዋ፣ ወደ ስደት በተከፈቱ በሮች ይጀምራል። ገጣሚው ባዶ የባሕር ዳር ሆን ብሎ መርጧል፤ ምንም ያልቆመበትን ቦታ። ሐውልት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቢሮ የለም። ንፋስና ቃል ብቻ አለ። መሃል ላይ አንድ መስመር አለች። ወደብ ላይ ለስደተኛ የሚሰጥ መጠይቅ አለ፤ ስም፣ ትውልድ፣ አድራሻ። መልሱ “ስሜ ውስጥ እኖራለሁ” የሚል ነው። ዳላስ ይሁን ፍራንክፈርት፣ ያንን ቅጽ የሞላ አበሻ ይህን መስመር ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ግጥሙ የሚያበቃው ደግሞ ገጣሚው ስሙን፣ ትውልዱንና ዘሩን የሚናገርበት ሰዓት መድረሱን በመግለጽ ነው። ሰዓቱ ደርሷል ይላል፤ አይናገርም።

ከዚያ “ዝናቦች” እና “በረዶዎች” ተከተሉ። “በረዶዎች” ፈረንሳይ ቀርታ፣ ከጦርነቱ ወዲያ ሆና ለተለያየችው እናቱ የተጻፈ ነው፤ ከግጥሞቹ ሁሉ ለሰው ቅርብ የሆነው እሱ ይመስለኛል። በ1946 “ንፋሳት” የተባለው ግዙፍ ግጥም ወጣ፤ የአሜሪካን አህጉር ጠራርጎ የሚያልፍ ንፋስ ነው ጀግናው።

በዚህ መሃል ፖለቲካውን ሙሉ በሙሉ አልተወም። ዴ ጎልን አልተከተለም። ማንም ያልመረጠው ጄኔራል የፈረንሳይን መንግሥት ልወክል ማለት አይችልም የሚል አቋም ነበረው፤ ይህንንም ለሩዝቬልት መንግሥት ሰዎች ከመናገር አልተቆጠበም። ዴ ጎል አልረሳለትም። ከጦርነቱም በኋላ ፈረንሳይ ሳይገባ ቆየ። የተመለሰው በ1957፣ ከ17 ዓመት በኋላ ነው። አሜሪካዊ ወዳጆቹ በደቡብ ፈረንሳይ በዢየን ልሳነ ምድር ላይ ባሕር የሚያይ ቤት አገኙለት። በ1958 አሜሪካዊቷን ዶሮቲ ራስልን አገባ። በ1957 የወጣው “አሜር” ባሕርን የሚያወድስ ትልቁ መጽሐፉ ነው። መሃሉ ላይ መርከብ ውስጥ የሚነጋገሩ ሁለት ፍቅረኞች አሉ። በዚያ ክፍል ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ትጥቁን የፈታ ይመስላል።

ኖቤልና ራሱ የጻፈው ሕይወት

በ1960 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ብርቱ ደጋፊው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ዳግ ሐመርሾልድ ነበር። ሐመርሾልድ “ዜና መዋዕል” የተባለውን የእርጅና ግጥም ራሱ ወደ ስዊድንኛ ተርጉሞታል። ፔርስ ስቶክሆልም ላይ ያደረገው ንግግር ስለ ግጥምና ስለ ሳይንስ ነው። ሳይንቲስቱም ገጣሚውም ያንኑ የማይታወቅ ጥልቀት ይጠይቃሉ፤ የሚለያዩት በመንገድ ነው ይላል። መጨረሻ ላይ ለገጣሚ የዘመኑ ወቃሽ ሕሊና መሆን ይበቃዋል ብሎ ያቆማል።

ትልቅ ቃል ነው። ሰውየው ግን የራሱን ታሪክ ሲጽፍ ያን ሕሊና አልተጠቀመበትም። በ1972 ሙሉ ሥራዎቹ ፕሌያድ በተባለው ክቡር የመጻሕፍት ተከታታይ ታተመ። ይህን ዓይነት መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘጋጁት ምሁራን ናቸው። ይህን ያዘጋጀው ራሱ ፔርስ ነው። የሕይወት ታሪኩን በሦስተኛ ሰው ጻፈው። የተወለደው ቤተሰቡ በነበረው ትንሽ ደሴት ላይ ነው አለ፤ ከተማው ውስጥ መወለዱን ተወው። ደብዳቤዎቹንም አስተካክሎ አስገባ። በኋላ ተመራማሪዎች ከሰነዶቹ ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ከቻይና ለእናቱና ለወዳጆቹ ጻፍኳቸው ካላቸው ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ለመጽሐፉ ሲባል የተጻፉ ወይም እንደገና የተሠሩ ሆነው ተገኙ።

ይህን ውሸት ብሎ መጥራት ይቻላል፤ እኔም እንዲያ ነው የምለው። የመጣበትን ምክንያት ግን ከግጥሙ መረዳት ይቻላል። ቤቱን በ12 ዓመቱ ያጣ፣ ሥልጣኑን በ53 ዓመቱ ያጣ፣ ዜግነቱን የተነጠቀ ሰው ነው። ስሜ ውስጥ እኖራለሁ ብሎ ነበር። በእርጅናው ያንን ቤት ግድግዳ በግድግዳ ሠራው። ትልልቆቹን መስኮቶች ወደ ባሕር አደረጋቸው። ወደ እርሻው የሚያይ መስኮት ግን አላበጀለትም።

ደሴቶቹ ምን አሉ?

መስከረም 1975 በዢየን አረፈ፤ እዚያው ተቀበረ። ወረቀቶቹንና መጻሕፍቱን ለኤክስ አን ፕሮቫንስ ከተማ አወረሰ። ጓዴሉፕ በ1987፣ በተወለደ በ100ኛ ዓመቱ፣ ፖየንት አ ፒትር ላይ በስሙ ሙዚየም ከፈተች።

የካሪቢያን ጸሐፊዎች ከእሱ ጋር ያላቸው ግንኙነት ከሁሉ ይገርመኛል። ኤሜ ሴዜር በ1913 ማርቲኒክ ላይ ከጥቁር ቤተሰብ ተወለደ። በ1939 በወጣው ታላቅ ግጥሙ አፍ ለሌለው መከራ አፍ እሆናለሁ አለ። የፔርስ ውዳሴ ያላየውን ወገን ስም እየጠራ አሳየ። ይህ ሰው ፔርስን ይረግማል ብለን እንጠብቅ ይሆናል። እሱ ግን ለፔርስ መታሰቢያ ግጥም ጻፈለት፤ በቮዱ ሥርዓት ሸኘው። ያ ሥርዓት የባሮቹ ልጆች ሃይማኖት ነው። የማርቲኒኩ ኤድዋር ግሊሳንም ደጋግሞ ወደ ፔርስ ይመለሳል፤ ከደሴቷ ተወልዶ ደሴቷን ሸሽቶ የሄደ ሰው አድርጎ ያየዋል። የሴይንት ሉሲያው ዴሪክ ዋልኮት ደግሞ በ1992 የራሱን ኖቤል ሲቀበል በንግግሩ ፔርስን አነሣው። ከእሱ በፊት ይህን ሽልማት ለግጥም የወሰደ የመጀመሪያው የአንቲልስ፣ የካሪቢያን ደሴቶች፣ ሰው እሱ ነው አለ። ፔርስ ነጭና የባለእርሻ ልጅ መሆኑን አልደበቀም። ያም ሆኖ የዘንባባውንና የንጋቱን ቋንቋ ከእሱ ጋር እንደሚጋራ ተናገረ።

እነዚህ ሰዎች ይቅርታ እያደረጉለት አይደለም። ርስታቸውን እየወሰዱ ነው። ደሴቷን የሠሩት አያቶቻቸው ናቸው፤ ስለ ደሴቷ የተጻፈው ጥሩ ግጥም ለምን የሌላ ሰው ይሆናል?

ማንበብ ለሚፈልግ ሰው መንገዱ እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ከ“ውዳሴዎች” ይጀምር፤ ከዚያ “ስደት”ን ያንሣ። በእንግሊዝኛ የሚያነብ የኤልየትን “አናባዝ” ያገኛል፤ ጠንካራ ትርጉም ነው። “አሜር” እና “ንፋሳት” መጨረሻ ላይ ይቆዩ። ጎን ለጎን የሴዜርን ግጥም ቢያስቀምጡት ደግሞ ሁለቱም ይበልጥ ይበራሉ። ወደ አማርኛ የሚመልስ ጎበዝ ከተነሣ ከ“የክሩሶ ሥዕሎች” ቢጀምር ደስ ይለኛል። ዘጠኝ አጫጭር ክፍሎች ናቸው። አንድ ሰው በአንድ ክረምት ሊጨርሳቸው ይችላል።